ለቶኪሉፔ ያልተተረጎመው ጥያቄ

ቶኪሉፔ የዛፍ ቅርፊት እየቀጠቀጠች ጨርቅ የምትሠራ ሴት ነበረች። በእኛ ደሴት ይህን ሥራ የማታውቅ ሴት የለችም፤ ነገር ግን እሷ መቀጥቀጫዋን ስታነሳ ሌሎቹ እጃቸውን ከእሷ እጅ ጋር ያስተካክላሉ። እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ። ሥራዬ ጀልባ መጥረብ ነው። ጠዋት እንጨቴ ላይ ስቀመጥ ከእሷ ደጅ የሚመጣውን ድምፅ እየሰማሁ ማን እንደመጣች፣ ማን እንደሰነፈች፣ ማን ከባሏ ተጣልታ ንዴቷን በቅርፊቱ ላይ እንደምትወጣ እለይ ነበር። የቶኪሉፔ ምት አይቸኩልም፣ አይዘገይም። እኔም ሳላስበው መጥረቢያዬን በእሱ ልክ ነበር የማሳርፈው።

አንደበቷ ስለታም ነበር። እጇ የላላ ልጅ ካየች፣ «አንቺ፣ ቅርፊቱን እየቀጠቀጥሽው ነው ወይስ እያባበልሽው?» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ልጅቷም ታፍርና ክንዷን ታጠነክራለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ሴት ልጇን ሲኒቫን ያሳደገችው በዚሁ ክንዷ ነው። ወንድሟን ኬሌፒንም ዋናው ከተማ ኑኩአሎፋ ድረስ ልካ ያስተማረችው በዚሁ ክንዷ ነው። የቀጠቀጠችውን፣ ቀለም የቀባችውን ሰፊ ጨርቅ ጠቅልላ በመርከብ ትልካለች፤ ጨርቁ እዚያ ይሸጣል፤ ኬሌፒ ይማራል። ለማንም ስትናገረው ግን ሰምቼ አላውቅም። ኬሌፒ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ወደ ደሴታችን ሲመለስ እሷ ወደብ ላይ አልወጣችም። ቤቷ ተቀምጣ ጠበቀችው። እሱ ደግሞ ከመርከብ እንደወረደ የያዘውን ሁሉ አምጥቶ ደጃፏ ላይ አስቀመጠና ሳይገባ ሄደ።

በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም እንዲህ ናቸው። ልጅ ሆነው አብረው ይዋኛሉ፣ ከአንድ ቅጠል ይበላሉ። የወንዱ ድምፅ መጎርነን ሲጀምር ሰሌኑን ተሸክሞ ወንዶች ወደሚያድሩበት ጎጆ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እህቱ ካለችበት ቤት ገብቶ አይጋደምም፤ በእሷ ፊት የቀልድ ቃል አይወጣውም፤ ሌላ ሰው በእሷ ፊት ቢቀልድም ተነስቶ ይወጣል። ስለ ገላ፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ወሊድ በሁለቱ መካከል አይነሳም። የተጣሉ እንዳይመስላችሁ። ከማሳው የመጀመሪያው ቦዬ የሚሄደው ለእሷ ነው፤ ካጠመደው ዓሣ ትልቁ የእሷ ነው፤ ልጆቿም እናታቸው በእሱ ላይ ያላትን ክብር ወርሰው እንደ አለቃ ያዝዙታል። ከዚህ የበለጠ መውደድ እኛ አናውቅም።

ኬሌፒና ቶኪሉፔ የሚነጋገሩት በሲኒቫ በኩል ነበር። እሱ ደጅ ይቆማል፤ እሷ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ በሩ ላይ ትቆማለች።

«ዓሣው ጥሩ ነበር በይው» ትላለች ቶኪሉፔ፣ እሱ እየሰማት።

«ዓሣው ጥሩ ነበር ትላለች፣ አጎቴ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል።»

አንድ ቀን ሲኒቫ ሰልችቷት፣ «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ እኮ፤ እኔ ገደል ማሚቶ ነኝ?» አለች። እናቷ ተቆጣቻት። ኬሌፒ ግን ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ሲስቅ አየሁት።

ሲኒቫ በታጨች ጊዜ ቶኪሉፔ ለሠርጉ የሚነጠፈውን ትልቅ ጨርቅ ጀመረች። የእናት ጨርቅ ነው፤ ሙሽራይቱ የምትራመደው በእሱ ላይ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ ከተሠራ ሰው ያወራል። ግማሽ ሳይደርስ እምብርቷ አካባቢ ቆይቶ የነበረው እብጠት ገፍቶ ወጣ። መጀመሪያ በጨርቅ አጥብቃ እያሰረች ትቀጠቅጥ ነበር። አንድ ጠዋት የሚቀጠቀጥበትን ከባድ ግንድ ለማዞር ስትጎነበስ አንጀቷ የተቋጠረ መሰላት፤ እዚያው አስመለሳት፤ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት። የደሴቱ ሐኪም ቤት፣ «ይህ በቀዶ ሕክምና ካልተሰፋ አንድ ቀን አንጀትሽን ቆልፎ ይገድልሻል፤ እስከዚያው መቀጥቀጫ እንዳትነኪ» አላት። ነርሷ ሲስተር ሎሳሊኔ ከኒውዚላንድ የሚመጡት ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት እንደሚሰነብቱ ነግራ መዘገበቻት። ያመለጠው ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቶኪሉፔ ሥራ እጇን አጣጥፋ የሌሎቹን ምት ማዳመጥ ሆነ። ሴቶቹ ያለ እሷ ሲቀጠቅጡ ድምፁ ይበታተናል። ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ይህ ቅጥቀጣ ነው ወይስ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ?» ስትል እሰማታለሁ። ግን አትስቅም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሆዷ ተሰፍቶ፣ ወደ ግንዱ ተመልሳ፣ የልጇን ጨርቅ በገዛ እጇ መጨረስ።

ሐኪሞቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተመለሱትን ሰዎች ያመጣችው መርከብ ጉንፋንም ይዛ መጣች። የዘወትሩ ዓይነት ጉንፋን አልነበረም። ሰውን አጥንቱን ይቆረጥመዋል፤ ደረቱን እንደ ከበሮ ይመታዋል። በዚያ እሑድ መዘምራኑ ከሚዘምሩት የሚያስሉት በለጠ። ሲኒቫ ተኛች። እሷን ያስታመመችው ቶኪሉፔም ብዙ ሳይቆይ ማሳል ጀመረች።

ሬዲዮው በየቀኑ ይናገር ነበር፤ ለቀዶ ሕክምና የተመዘገበ ሰው ጉንፋን፣ ሳል ወይም ትኩሳት ካለበት አስቀድሞ ለነርስ ይንገር፤ ሕመም ያለበት ሰው ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ዓሣ አጥማጁ ፌሌቲ፣ እሱም ለቡአው የተመዘገበ ነው፣ ይህን ሰምቶ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ በምንጠጣበት ቤት ሁላችንንም አሳቀን።

«ሰማችሁ? የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ አይምጣ ነው የሚለው። ታዲያ ማን ይሂድ? ጤነኛው? እኔ ልቅርና አሳማዬን ልላከው?»

ቶኪሉፔ በአጥሩ ላይ ሆና ስታናግረኝ እንደ ፌሌቲ አልቀለደችም። ነገሩ አልገባትም እንጂ አልናቀችውም።

«ጉንፋኑ ያለው ደረቴ ላይ ነው» አለችኝ። «እነሱ የሚከፍቱት ሆዴን ነው። ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሬዲዮው ንገሩ ይላል።»

«እነግራለሁ። ሎሳሊኔ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። ሴት ናት፤ ሁሉንም እነግራታለሁ።»

ሎሳሊኔ ግን አልጠየቀቻትም። ሐኪሞቹ በደረሱ ማግስት እሷንም ጉንፋኑ ጣላት። ሐኪሞቹ የሚያስተረጉምላቸው ሰው አጡ። ከደሴታችን ሰው ከነጭ ጋር ሳይደነቃቀፍ የሚነጋገረው ኬሌፒ ነበር፤ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ሊረዳ ሄደ። ነገሩንም አስቀድሞ አስቦበት ነበር። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ለወንዶቹ እሱ ያስተረጉማል፤ ከምሳ በኋላ ለሴቶቹ የፓስተሩ ሚስት መሌናይቴ ታስተረጉማለች። እሷም የእንግዶቹን ምግብ አዘጋጅታ እመጣለሁ ብላለች። ቶኪሉፔም ከሰዓት በኋላ ተመደበች። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

ሲኒቫ ትኩሳቷ ስላልለቀቃት እናቷን አጅቤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቶኪሉፔ ቀድሞ መድረስ ትወድ ስለነበር በጠዋት ሄድን። ራስ ምታቷን እንዲያስታግስላት ከሱቅ ያስገዛችውን ፓናዶል በባዶ ሆዷ ውጣ ነበር። በመንገድ ሁለት ጊዜ ቆማ አሳለች፤ አክታዋን በቅጠል ጠርጋ ጣለች። ሆስፒታሉ ግቢ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር፣ ከመመርመሪያው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀመጥን። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ውስጥ የነበረው ፌሌቲ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ዶክተር ሃሚሽ ይጠይቃል፤ ኬሌፒ ይተረጉማል።

«ያስልሃል ወይ ይላል።»

«አንተ አትሰማም? ሌሊቱን ሙሉ ስስል ሚስቴ ከውሻው ጋር ሄዳ ተኛች በለው።»

«አክታ አለህ ወይ?»

«የጀልባዬን ቀዳዳ ሁሉ የሚደፍን አለኝ።»

«ቀለሙን ይጠይቅሃል።»

«ቀለሙን? ሊገዛኝ ነው እንዴ? አረንጓዴ ነው በለው።»

ኬሌፒ አንድም ሳያስቀር፣ አንድም ሳያፍር ተረጎመው። ዶክተሩ የፌሌቲን ደረት አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ አይሆንም አለ፤ ሳሉ ከጠፋ በኋላ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በመርከብ ኑኩአሎፋ ሄዶ ይሠራለት፣ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ አለ። ፌሌቲ እንደ ተዋረደ ሰው ወጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ሱሪውን እያጠበቀ፣ «ከባሕር ማዶ የመጡት ሳል ሊፈሩ ነው? የእኔ ቡአ ከታች፣ ሳሌ ከላይ!» ብሎ እየተራገመ ሄደ። ቶኪሉፔ በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት።

ፌሌቲ በመመለሱ የጠዋቱ ተራ ባዶ ቀረ። ዶክተሩ ከሰዓት በኋላ ከተመደቡት አንዱን አሁኑኑ አስገቡልኝ አለ። የተዘጋጀች፣ ያልበላች፣ በደጅ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን ጠራ፤ አጠራሩ የተጣመመ ቢሆንም ማንን እንደጠራ ገባን።

ያን ጊዜ ኬሌፒ ምን እንዳለ በኋላ ራሱ ነግሮኛል። «ከምሳ በኋላ ብትሆን አይሻልም?» አለው። ዶክተሩ ጊዜ የለንም፣ ያልገባ ሰው ተራው ያልፍበታል አለ። ኬሌፒ፣ «እህቴ ናት» አለው። የእኛ ሰው ቢሆን ይህ ቃል ብቻውን ይበቃል፤ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ዶክተሩ ግን ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ፤ እንግዲያስ ከአንተ ጋር ነፃ ሆና ትናገራለች» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ኬሌፒ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላወቀበትም። እንቢ ብሎ ቢወጣ የእህቱ ተራ ያልፋል፤ ላልተመረመረ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም፤ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፤ እብጠቱ ደግሞ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ገባ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል የተንጠለጠለ መጋረጃ አለ፤ ከእሱ ጀርባ ቆመ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ በመስኮት የማየው ጀርባውን ነበር። ትከሻው እንደ ተማሪ ልጅ ተሰብስቧል።

ቶኪሉፔ ወንድሟ ከመጋረጃው ወዲያ እንዳለ ስታውቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጎተተች።

ዶክተሩ ጠየቀ። ረጅም ነበር። እንግሊዝኛው አልገባኝም። ኬሌፒ ግንባሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ከዚያ ለግድግዳው፣

«ሐኪሙ እህታችን ደኅና ናቸው ወይ ይላሉ» አለ።

ከሕፃንነቱ ወዲህ አንቺ ብሏት አያውቅም።

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሉልኝ» አለች ቶኪሉፔ።

ኬሌፒ አንድ ቃል ተናገረ። ዶክተሩ ሌላ ጠየቀ፤ ይኸኛውም ረጅም ነበር። በጣቶቹ እየቆጠረ ነበር የሚጠይቀው።

«እህታችን ዝግጁ ናቸው ወይ ይላሉ።»

«ዝግጁ ነኝ።»

ነጮች ቃል ያበዛሉ፣ የእኛ ቋንቋ ግን አጭር ነው ብዬ አስቤ ነበር። ዶክተሩ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገና በረጅሙ ተንፍሺ ብሎ በራሱ ትንፋሽ አሳያት። እሷ ግን ወንድሟ እየሰማ ማሳል፣ አክታ መጎተት አይሆንላትም፤ ሳሉ እንዳይነሳባት ለወጉ ያህል ብቻ ተነፈሰች። ትኩሳት መለኪያውም በፓናዶሉ ምክንያት ምንም አላሳየም። ዶክተሩ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይኸኛው አጭር ነበር፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነበር። ኬሌፒ ወዲያው መለሰለት፣ እሷን ሳያናግር። ዶክተሩም ፈገግ ብሎላት ወጣ።

የቀረውን ከሲስተር ሎሳሊኔ ጠይቄ ነው የተረዳሁት፤ ከሕመሟ ከተነሳች በኋላ። ሰው ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዲተኛ ሲደረግ በጉሮሮው ቱቦ ይገባል፤ ትንፋሹን መሣሪያ ነው የሚይዝለት። ጉንፋን የያዘው ሰው የትንፋሽ ቧንቧው ውስጡ ቆስሏል፣ አብጧል፤ ቱቦ ሲነካው እንደ ተነካ ቀንድ አውጣ ይኮማተራል። ሰውየው ተኝቶ ስለማያስል አክታው ወደ ታች ይወርዳል። ከነቃም በኋላ የተሰፋው ሆድ እያመመው በደንብ ስሎ አያወጣውም፤ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በቫይረሱ ላይ ሌላ ጀርም ይደርብበታል። ሳሉ ከለቀቀ በኋላ እንኳ ደረቱ እስኪሽር ብዙ ሳምንት ይጠበቃል። ሬዲዮው ንገሩ ያለው ለዚህ ነው። ደረትና ሆድ የተገናኙት እዚያ ላይ ነው። ይህን ማንም በእኛ ቋንቋ ቀስ ብሎ ነግሮን አያውቅም፤ የተነገረን ንገሩ ብቻ ነው፣ ለምን የሚለው ቀርቶ።

ቱቦው ሲገባ የቶኪሉፔ ደረት ተቆለፈ። አየሩን ለማስገባት ብዙ ታገሉ፤ መድኃኒት ሰጧት፤ ተከፈተ። ሆዷንም ሰፉት። ስፌቱ፣ ሎሳሊኔ እንዳለችኝ፣ ያማረ ነበር። ዶክተር ሃሚሽ ወጥቶ ኬሌፒን ሲያነጋግረው ግንባሩ ላብ ነበር። ጉንፋን ነበራት እንዴ ብሎ ጠየቀው። ኬሌፒ ወደ መሬት አየ። ዶክተሩ ሐዘን መስሎት ውኃ አስመጣለት።

በማግስቱ ትኩሳቷ ወጣ። የሳንባ ምች ነው አሉ። ኦክስጅኑን አፍንጫዋ ላይ አደረጉላት። ስታስል ሆዷን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ሳሉን እሺ አትለውም፤ ያማታል። ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁት ትንፋሿ አጭርና ፈጣን ነበር፤ የእሷ ምት አልነበረም። ፌሌቲ እንኳ አንድ ቀን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ያመጣውን ዓሣ ለነርሶቹ ሰጥቶ ሄደ።

ኬሌፒ ወደ ክፍሉ አልገባም። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ትኩሳቱ የለቀቃት ሲኒቫ በመስኮቱ ላይ ትቆማለች።

«እናቴ፣ አጎቴ ምን ይምጣልሽ ይላል።»

ቶኪሉፔ ትንፋሽ እየሰበሰበች፣ «ቤቱ ይሂድ በይው። ፀሐይ ነው» አለች።

«ቤትህ ሂድ፣ ፀሐይ ነው ትላለች።»

«አይሞቀኝም በያት።»

ወደ ኑኩአሎፋ ሊልኳት አውሮፕላን ጠርተው ነበር፤ ከመምጣቱ በፊት በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተች።

ለቅሶው እንደ ወጉ ሆነ። በእኛ አገር በክብር ከሟች ዝቅ ያለ ዘመድ አሮጌና የተቀዳደደ ትልቅ ሰሌን በወገቡ ታጥቆ የጉድጓድ ምድጃውን ያነዳል፤ ከለቀስተኛው ጋር አይቀመጥም፤ አስከሬኑ አጠገብ አይደርስም። ወንድም ለእህቱ ዝቅ ያለ ነው። ኬሌፒ የታጠቀው ሰሌን እስከ ብብቱ ይደርስ ነበር፤ ፊቱ በአመድ ተሸፍኗል። አሳማውን የገፈፈው፣ ድንጋዩን ያጋለው፣ ጎደሬውን የደረደረው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲረዳው አልፈቀደም።

የመንደሩ ሹም ተነስቶ ንግግር አደረገ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ ቶኪሉፔ ክንድ ተናገረ፤ ስለ ልጇ ተናገረ፤ ከዚያ እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋ።

«እናንተ ጎረምሶች» አለ፣ «ስልካችሁን አስቀምጡና እዚያ ተመልከቱ። ያ ሰው ተምሯል፤ የነጭ ቋንቋ ያውቃል፤ ሆኖም እህቱን በሕይወት እያለች አንድ ቀን ቀና ብሎ አላያትም። በሞት አልጋዋ ላይ እንኳ ደጃፉን አልተሻገረም። አክብሮት ማለት ይህ ነው። እንደ ኬሌፒ ሁኑ።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ የመስማማት ማጉረምረም። እኔም በወጉ ራሴን ነቀነቅሁ። ኬሌፒ ንግግሩን ይስማ አይስማ አላውቅም፤ በእጁ የያዘውን እንጨት እሳቱ ውስጥ ከተተ፤ እጁን ለማውጣት ዘገየ።

ሲኒቫ ከእናቷ ራስጌ ተነስታ በሰው መሃል ሄደች። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩአት። ወደ ምድጃው ሄዳ ከአጎቷ ፊት ቆመች። ተነስቶ ሊያልፍ ፈለገ፤ ክንዱን ያዘችው። የእህቱ ልጅ ናት፤ በእኛ ወግ የፈለገችውን ልታዘው፣ ያለውን ልትወስድበት መብት አላት፤ እሱም እንቢ አይላትም። ከእናቷ ጋር የማይነሳው ሁሉ ከእሷ ጋር ይነሳል።

«አጎቴ፣ ዶክተሩ እናቴን ምን ጠየቃት?»

«ተይኝ ልጄ፣ እሳቱን ላንድበት።»

«እሳቱ ይቆይ። ምን ጠየቃት? እሱ እንዳለው አድርገህ ንገረኝ።»

እኔ እንጨት ላቀብል ቀርቤ ነበር፤ ሁለቱም አላስተዋሉኝም። ኬሌፒ በጉልበቱ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ለልጆች እንደሚያጽፍ ሰው፣ አንድ በአንድ ይናገር ጀመር።

«ያስላታል ወይ አለ።»

«አዎ» አለች ሲኒቫ። «ከእሑድ ጀምሮ።»

«አክታ አላት ወይ፣ ቀለሙስ አለ።»

«አለ። ቢጫ ነው።»

«ሌሊት አተኩሷታል ወይ አለ።»

«እኔን ስታስታምም ግንባሯን ነክቼዋለሁ። ይፋጅ ነበር።»

«ቤት ውስጥ የታመመ ሌላ ሰው አለ ወይ አለ።»

«እኔ።»

«መድኃኒት ወስዳለች ወይ አለ።»

«ፓናዶል። እኔ ነኝ ከሱቅ ያስመጣሁላት።»

በዓይኗ እንባ አልነበረም። እሱ ግን ያነባ ነበር፤ አመዱ ጉንጩ ላይ መንገድ አወጣ።

«ሌላስ?»

«በቃ።»

«አይደለም። ሌላም አለ። ንገረኝ።»

«መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለ» አላት። «የሚያስፈራት ነገር አለ ወይ፣ ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር አለ ወይ ብሏት ነበር። እኔ የለም አልኩት። አልጠየቅኋትም።»

ሲኒቫ እናቷ ተኝታ ወዳለችበት ቤት ዞራ ተመለከተች። ከዚያ የአጎቷን ክንድ ለቀቀችውና፣

«የዚህን መልስ እኔም አላውቅም» አለችው።